ልብ የማያንጠለጥል ግድያ

እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው የአጋታ ክሪስቲ «ኤ መርደር ኢዝ አናውንስድ» የሚከፈተው በቁርስ ሰዓት ነው። አንድ ልጅ ቺፒንግ ክሌግሆርን የተባለችውን የእንግሊዝ መንደር በብስክሌት እየዞረ በየቤቱ ጋዜጣ ያድላል። ዕለቱ አርብ ስለሆነ ከትልልቆቹ ጋዜጦች ጋር የአካባቢው ሳምንታዊ ጋዜጣም አለ፤ የመንደሩ ሰው ቀድሞ የሚገልጠው እሱን ነው። የሚፈለገውም ዜናው ሳይሆን ማስታወቂያው ነው፤ ማን አሮጌ ዕቃ ይሸጣል፣ ማን ሠራተኛ አጥቶ ተቸግሯል፣ ማን ቡችላ ለሽያጭ አቅርቧል። የዚያን ዕለት በእነዚህ መሐል አንድ የግድያ ማስታወቂያ ተሰንቅሯል። ሊትል ፓዶክስ በተባለው ቤት፣ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው እንደሚገደል ይገልጻል፤ ወዳጆችም ሌላ ጥሪ እንዳይጠብቁ ያሳስባል።

ፖሊስ የጠራ ሰው የለም። ሁሉም ነገሩን የሳሎን ጨዋታ አድርጎ ወሰደው፤ አንዱ ገዳይ፣ አንዱ መርማሪ ሆኖ በጨለማ የሚሯሯጡበት ዓይነት። ሰዓቱ ሲቃረብ የመንደሩ ሰው ለምን እንደመጣ የሚናገረው አንዳች ሰበብ ይዞ በየተራ በሩን ያንኳኳል። የቤቱ እመቤት ስለ ማስታወቂያው ምንም እንደማታውቅ ትናገራለች፤ ሆኖም ጎረቤት መምጣቱ እንደማይቀር ገምታ መጠጥ አሰናድታለች። እንግዶቹ ሲገቡ የቤቱ ማሞቂያ መለኮሱን ያነሳሉ። ሰዓቱ ሲደውል መብራቱ ድርግም ይላል፣ በሩ ይበረገዳል፣ ባትሪ የያዘ ሰው እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ ያዛል። ገሚሱ እንግዳ በደስታ ይጮኻል። ከዚያ ተኩስ ይሰማል። ብርሃን ሲመጣ ወለሉ ላይ የተዘረረው ሰው የምር ሞቷል።

ቀለል ያለው የወንጀል ምሥጢር ልብ ወለድ ጠባይ በሙሉ በዚህ ትዕይንት ውስጥ ይገኛል። ሞት በሰዓቱ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ መጠጥ ተቀድቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ በአንድ ክፍል አሉ፤ አንባቢም አብሯቸው ተቀምጧል።

በአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ ሲወሳ ከአፍ የሚቀድመው ቅጽል «ልብ አንጠልጣይ» ነው። ለዚህኛው ዘውግ ግን ቅጽሉ አይስማማም። እዚህ የሚንጠለጠለው ልብ አይደለም፤ ልብማ ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ ተደላድሎ ተቀምጧል። እንግሊዞች «ኮዚ» ይሉታል፤ ሞቅ ያለ፣ ምቹ፣ ከብርድ የተከለለ ማለት ነው። የሻይ በራድ እንዳይቀዘቅዝ የሚለብሰው የሹራብ ቆብም ስሙ ይኸው ነው። ስሙ ከመጻሕፍቱ በኋላ የመጣ ነው፤ ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲለመድ ክሪስቲና እኩዮቿ ወደ ኋላ ተመልሶ ተሰጣቸው።

መለያዎቹ በቀላሉ ይታወቃሉ። መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ አይደለም፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቄስ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሹራብ የምትሠራ አሮጊት ሊሆን ይችላል። ቦታው ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው። ግድያው ከመጋረጃ ጀርባ ይፈጸማል፤ አንባቢው የሚያየው አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ያለውን ነው፣ እሱንም ከአንድ አንቀጽ በላይ አያየውም። ሟቹ ብዙ ጊዜ ኑዛዜውን በየሳምንቱ የሚለዋውጥ ክፉ ሀብታም፣ ወይም የሰው ገመና ይዞ የሚያስፈራራ ነው፤ ስለዚህ የሚያዝንለት ጥቂት፣ ሊገድለው የሚፈልግ ግን ብዙ ነው። በመጨረሻ ገዳዩ ይታወቃል። ያልተጻፈ ሌላ ሕግም አለ፤ ሰው ቢያልቅም ድመት አይሞትም። ይህን የሚጥስ ደራሲ ከአንባቢዎቹ የሚደርሰውን ቁጣ ሰው በመግደል አያገኘውም።

የዘውጉ መሠረት የተጣለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በቶርኪ ነው። ክሪስቲ በ1890 የተወለደችው እዚያው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መጀመሪያ ቁስለኛ አስታመመች፤ ቀጥላ ወደ ሆስፒታሉ የመድኃኒት ማደያ ክፍል ተዛወረች። በጠርሙሶቹ መሐል ስትውል የትኛው መድኃኒት በስንት ጠብታ እንደሚያድንና በስንት እንደሚገድል ተማረች። ጀርመኖች ከወረሩት ቤልጂየም የሸሹ ስደተኞች በከተማዋ ሰፍረው ነበርና መርማሪዋን ቤልጂየማዊ አደረገችው፤ ኤርኩል ፖይሮ እንዲህ ተወለደ። የመጀመሪያው መጽሐፏ በተለያዩ አሳታሚዎች ተገፍቶ በመጨረሻ በ1920 በአሜሪካ፣ በ1921 በእንግሊዝ ወጣ። ከደረሷት ምስጋናዎች አንዱ የፋርማሲ ባለሙያዎች መጽሔት የመርዙን አያያዝ ያወደሰበት ነው፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

መርዝ ለዚህ ዘውግ የተመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ድምፅ የለውም፣ ምንጣፍ አያቆሽሽም፣ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚመጣውም በሻይ ስኒ፣ በማርማላታ፣ በኬክ ነው። እውቀቱም እውነተኛ ነበር። በ1977 አንዲት ሕፃን በማይታወቅ ሕመም ተይዛ ከኳታር ወደ ለንደን ሆስፒታል ተወሰደች። ሐኪሞቹ ግራ በተጋቡበት ሰዓት የምትንከባከባት ነርስ በክሪስቲ «ዘ ፔል ሆርስ» ውስጥ ያነበበችው የታሊየም መርዝ ምልክት ትዝ አላት፤ በተለይ የፀጉሩ መርገፍ። ተመረመረ፤ ታሊየም ሆኖ ተገኘ። ቤት ውስጥ ለተባይ የተረጨ መርዝ ነበር፤ ሕፃኗም ዳነች።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ይህ ንባብ በብሪታንያ እንደ ጉድ ተስፋፋ። ሐያስያን ከሚሰጡት ምክንያት የሚያሳምነው ከራሱ ከጦርነቱ የሚነሳው ነው። ብሪታንያ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ወታደር ቀብራ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሞት «ማን ገደለው? ለምን?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቢጠየቅም መልስ አልነበረውም። በመርማሪ ልብ ወለድ ግን አንድ ሰው ሲሞት ዓለም ቀጥ ይላል። በስንት ሰዓት እንደሞተ፣ ምን እንደበላ፣ ማን በመጨረሻ እንዳየው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ይጠየቃል። ስለዚህ መጽሐፉ ሞትን የሚያቃልል ይምሰል እንጂ ለአንዱ ሟች ያን ያህል ጊዜ የሚሰጥ የጽሑፍ ዓይነት ብዙ አይገኝም።

ጨዋታው ሕግ ያገኘውም ያኔ ነው። ካህንና ደራሲ የነበረው ሮናልድ ኖክስ በ1929 አሥር ትእዛዛት አወጣ። ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መታየት አለበት፤ መንፈስና ተአምር አይገባም፤ ከአንድ በላይ ምሥጢራዊ መተላለፊያ አይፈቀድም፤ ሳይንስ የማያውቀው መርዝ ክልክል ነው፤ መርማሪው ራሱ ወንጀሉን መፈጸም የለበትም፤ መንታ ወንድም ካለም አንባቢው አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ውስጥ «ዲቴክሽን ክለብ» ተቋቋመ፤ ደራሲው ጂ. ኬ. ቼስተርተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። አዲስ አባል በራስ ቅል አጥንት ላይ እጁን ጭኖ አንባቢን ላለማጭበርበር ይምላል። ማሕላው ግማሽ ቀልድ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን የምር ነው። ክሪስቲ በ1926 ባወጣችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» መጨረሻ የተነሣው ክርክር ለዚህ ምስክር ነው፤ ገሚሱ አንባቢ ተጭበርብሬአለሁ ሲል፣ ገሚሱ ፍንጩ ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበበ ሁለተኛው ወገን ትክክል እንደሆነ ያያል።

በደራሲና በአንባቢ መሐል ያለው ይህ ውል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እንቆቅልሽ የሚሄደው በዚሁ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይቀበላል፣ ካቃተው አገር ይሰጣል። አገር የተቀበለ ጠያቂ ግን ግዴታ አለበት፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር ልክክ ማለት አለበት። ካላለ ጨዋታው ይፈርሳል፣ አገሩም ይመለሳል። የክሪስቲ አንባቢም ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት አገር የሚሰጥ ሰው ነው። የሚያስደስተው ማሸነፉ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም የተሸነፈ አንባቢ የበለጠ ይደሰታል፣ መሸነፉ በሕግ ከሆነ።

ፍንጭ እንዴት እንደሚደበቅ ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። መርማሪዋ ብቻዋን ወደምትኖር አንዲት ባልቴት ኩሽና ገባች እንበል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተቆረጠ ሎሚ፣ የሥጋ ቤት ደረሰኝ፣ የታጠቡ ሁለት ስኒዎች፣ ጭቃ የነካው የአትክልት ጓንትና የድመት ሳህን አለ። ወዲያው በሩ ይንኳኳል፤ የወንድም ልጅየው እየጮኸ ይገባል፣ ስለ ውርሱ ጠብ ይነሣል። ምዕራፉ ሲያልቅ አንባቢው ጭቃማውን ጓንት ይዞ ይሄዳል። ፍንጩ ግን ሁለቱ ስኒዎች ነበሩ፤ ባልቴቷ ከትናንት ጀምሮ ሰው እንዳላየች ከገጾች በፊት ተናግራለች። ደራሲው የደበቀው ነገር የለም፤ ዕቃውን ከዕቃ ጋር ደርድሮ፣ የሚያጓጓውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ አንባቢው ሊያስብበት ሲል ጩኸት አመጣበት። ሌላው መሸሸጊያ የሰው አፍ ነው። ወሬ የምታበዛ፣ ነገር የምታዘባርቅ ገጸ ባሕርይ እውነቱን በሁለተኛው ምዕራፍ ትናገራለች፤ የሚሰማት የለም። በቺፒንግ ክሌግሆርን እንግዶቹ ያነሱት የማሞቂያ ወሬም እንዲሁ ነው። ከሰል እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ለምን ተለኮሰ? አንባቢው እንደ ደጅ ሰላምታ ያልፈዋል።

ከእንቆቅልሹ ቀጥሎ ሁለተኛው መስህብ የቦታው ትንሽነት ነው። በ1927 በአጭር ልብ ወለድ ብቅ ያለችው ሚስ ማርፕል በ1930 «የቄሱ ቤት ግድያ» በተባለው መጽሐፍ የራሷን ረጅም ታሪክ አገኘች። የምትኖረው ሴንት ሜሪ ሚድ በተባለች የፈጠራ መንደር ነው። የምርመራ ዘዴዋ ማመሳሰል ነው። ከለንደን የመጣውን ዘናጭ ተጠርጣሪ አይታ ዱሮ በመንደሯ ሒሳብ ያጭበረብር የነበረ ሱቅ ጠባቂ ትዝ ይላታል፤ ፈገግታው አንድ ነው። ከመንደሩ እምብዛም ርቃ ባትሄድም በዚያ ሁሉ ዓመት የሰውን ልጅ ክፋት በዓይነት በዓይነቱ አይታለች። ክሪስቲ ለዚህች ሴት ከአያቷ ጠባይ እንደወሰደች ተናግራለች፤ አያቷ ከሰው ሁሉ ክፉውን ይጠብቁ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳቱም።

ከተጠርጣሪዎቹ ወጥቶ የሚሄድ የለም፤ በረዶ መንገድ ይዘጋል፣ ባቡር ይቆማል፣ ፖሊስ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ያዛል። በኢትዮጵያ ገጠር ሲሠራበት የኖረው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሁለቱን የሚያገናኝ የታሪክ ክር የለም፤ እምነታቸው ግን አንድ ነው። ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አለ የሚል እምነት። ለገበሬው አውጫጭኝ የእርሻ ቀን የሚያቃጥል መከራ ነበር፤ ፖይሮ ተጠርጣሪዎችን ሳሎን ሰብስቦ የሚያካሂደው ግን በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ወንበሩም ምቹ ነው።

ገጣሚው ደብሊው ኤች ኦደን በ1948 በጻፈው መጣጥፍ ለመርማሪ ልብ ወለድ እንደ ትንባሆና መጠጥ ሱሰኛ መሆኑን አመነ። አንዴ ከጀመረ ሳይጨርስ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ከጨረሰ ደግሞ ይረሳዋል። የሚጥመውም ታሪኩ በእንግሊዝ ገጠር ሲሆን ነው። ምክንያቱን ሲፈልግ ከኤደን ገነት ደረሰ። መንደሩ ንጹሕ ነው፣ ግድያው ያረክሰዋል፣ ሁሉም ይጠረጠራል፤ በመጨረሻ ጥፋቱ ከአንዱ ላይ ሲያርፍ ሌላው ሁሉ ነጻ ይወጣል። ከነጻ ወጪዎቹ አንዱ አንባቢው ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ሆኖም መንደሩን ከሚገባው በላይ ያጸድቀዋል። በክሪስቲ መንደር ሰው ከመሞቱም በፊት ሁሉም የሚደብቀው ነገር አለው። በቺፒንግ ክሌግሆርን ምግብ ገና በራሽን ነው፤ ጎረቤታሞች ቅቤና እንቁላል በጓሮ በር ይለዋወጣሉ፣ ፖሊስ ሲጠይቅ ይዋሻሉ፤ ከአውሮፓ የተሰደደችው ምግብ አብሳይ ሁሉንም ትጠረጥራለች፣ ሁሉም ይስቁባታል። ሚስ ማርፕልም የምትለው ሌላ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጎረቤት ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፣ አሁን ግን የሚታወቀው ራሱ የተናገረው ብቻ ነው። መታወቂያ ሰው አይሆንም። የመጽሐፉ ፍርሃት ይህ ነው፤ ሻዩና ኬኩ የተደረደረው በዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ጠንካራው መስህብ፣ የመርማሪዋ ዕድሜ ነው። አሮጊት ሴት የምትገባበት ክፍል ውስጥ ሰው ወሬውን አያቋርጥም። ሹራቧን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች፤ ነፍሰ ገዳዩ ሻይ ያቀርብላታል። አለመታየት መከራ የመሆኑን ያህል ሥልጣንም ይሆናል። ከ1984 እስከ 1996 በአሜሪካ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየው «መርደር፣ ሺ ሮት» ይህን በ264 ክፍሎች አሳይቷል። አንጄላ ላንስበሪ የተጫወተቻት ጄሲካ ፍሌቸር ባሏ የሞተባት፣ ከመምህርነት ወጥታ ደራሲ የሆነች ሴት ነች። የምትኖርበት ካቦት ኮቭ በሜይን ግዛት ያለ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ከዚያ ከተማ የወጣው ሬሳ ብዛት ተመልካቹን ራሱን የሚያስቅ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደራሲዎቹ ጄሲካን ኒው ዮርክ ቤት ሰጧት፣ ከተማው ሰው ሳያልቅበት። ላንስበሪ ለዚህ ሚና 12 ጊዜ ለኤሚ ሽልማት ታጭታ አንዴም አላገኘችም። ቀላል የሚመስል ነገር ክብደቱ የማይመዘንለት እዚያ ብቻ አይደለም።

ዘውጉ ሲነቀፍ ኖሯል። አሜሪካዊው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 የእንግሊዞቹን ግድያ ከሕይወት የራቀ፣ ለእንቆቅልሹ ሲባል ሰው አሻንጉሊት የሆነበት አድርጎ አብጠለጠለው። ሐያሲው ኤድመንድ ዊልሰን በበኩሉ አንድ ነቀፌታ ጽፎ የአንባቢ ደብዳቤ ሲጎርፍለት፣ የተመከረውን መጽሐፍ አንብቦ በ1945 ሁለተኛና የከረረ ነቀፌታ አወጣ፤ ርዕሱ አክሮይድን ማንም ቢገድለው ማን ደንታ አለው የሚል ነበር። እነዚህ የጣዕም ጠብ ናቸው። ከባዱ ነቀፌታ ሌላ ነው፤ ምቾቱ የማን ነው? በብዙዎቹ የዱሮ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አፏን ከፍታ የምትደነግጥ ማስቂያ ነች። ጥቁሩ፣ አይሁዱ፣ የውጭ ዜጋው ሲጠቀስ በንቀት ነው። በ1939 የወጣው የክሪስቲ ዝነኛ መጽሐፍ በእንግሊዝ ጥቁሮችን በሚሰድብ ርዕስ ታትሞ ለዐሥርት ዓመታት እንዲሁ ሲሸጥ ኖሯል፤ አሜሪካ ግን ከመጀመሪያው ርዕሱን ለውጣዋለች። በ2011 ደግሞ «ሚድሶመር መርደርስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ፣ መንደሩ እንግሊዛዊነቱን እንዲጠብቅ አናሳ ዘሮች እንደማይገቡበት በቃለ መጠይቅ ተናግሮ ከሥራ ታገደ። ትንሽና የታወቀ ዓለም መውደድ አንድ ነገር ነው፤ አጥሩን ሰው ለመከልከል ማጠር ሌላ ነው፤ ዘውጉ ሁለቱን ለመለየት ጊዜ ፈጅቶበታል።

ሌላም የተሸሸገ ነገር አለ። በእንግሊዝ በዚያ ዘመን የግድያ ቅጣት ስቅላት ነበር፤ ፓርላማው የሞት ቅጣቱን ያገደው በ1965 ነው። ስለዚህ በሳሎኑ ውስጥ ጣት የተቀሰረበት ሰው ሁሉ ወደ ገመድ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ግን እዚያ ሳይደርስ ይዘጋል። ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ በ1937 ይህን ጣሰች። መርማሪዋ ሎርድ ፒተር ዊምዚ ያጋለጠው ሰው በሚሰቀልበት ንጋት እንቅልፍ አጥቶ፣ በሚስቱ ጭን ላይ ሲያለቅስ ታሳየዋለች። የሻዩ ሙቀት ምን ያህል ነገር በር ላይ በማስቆም እንደተገኘ ያ ገጽ ይናገራል።

ግድያ ራሱ የግድ እንዳልሆነ ያሳየው ከአፍሪካ የመጣ ታሪክ ነው። በዛሬዋ ዚምባብዌ የተወለደውና በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማረው ስኮትላንዳዊ አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ «የሴቶች ቁጥር 1 የምርመራ ድርጅት» የተባለውን መጽሐፍ በ1998 ኤድንብራ ውስጥ በጥቂት ቅጂ አሳተመ፤ ተከታታዩ በኋላ በሚሊዮን ተሸጧል። ጀግናዋ ፕሬሸስ ራሞትስዌ ነች። አባቷ በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ጉድጓድ የሠራ፣ ሳንባው በአቧራ የተጎዳ ሰው ነበር፤ ሲሞት ጥሩ የከብት መንጋ ተወላት። ከብቱን ሸጣ ከቦትስዋና ዋና ከተማ ከጋቦሮኒ ዳር፣ በክጋሌ ኮረብታ ሥር ቢሮ ከፈተች። ንብረቷ ትንሽ ነጭ መኪና፣ ጠረጴዛዎች፣ የጽሕፈት መኪና፣ ስልክና የሻይ በራድ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮቿ አንዱን ያመጣችው ባንክ የምትሠራ ሴት ነች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያላየችው አባቷ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ቤቷ ተቀምጧል። ይበላል፣ ያዛል፣ ይጦራል። አባቷ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም፤ አባት ይሆናል ብላ ደግሞ ማባረር አልቻለችም። ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ተውሳ ለብሳ እየሮጠች ወደ ቤቱ ሄደች። ልጅህ አደጋ ደርሶባታል፣ ደም ያስፈልጋታል፤ ብዙ ነው፣ የሚሰጠው ሰው ራሱ ሊሞት ይችላል፤ ግን አንተ አባቷ ነህ አለችው። ሰውየው ወዲያው አባትነቱን ካደ። የጣት አሻራ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም። አባት ለልጁ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ብቻ በቂ ነበር፤ ሰለሞን ለሁለቱ እናቶች የፈረደውን የሚያውቅ አንባቢ ዘዴውን ይለየዋል። ዓለሙ በጣም ለስልሷል የሚሉ አሉ፤ ቦትስዋና በዓለም ኤችአይቪ ክፉኛ ካጠቃቸው አገሮች አንዷ በነበረችበት ጊዜ መጻሕፍቱ በሽታውን በስሙ የሚጠሩት ከስንት አንዴ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ቀብሩ፣ ወላጅ አልባው ሕፃን፣ የማዕድኑ አቧራ ሁሉ በታሪኩ ጠርዝ አለ፤ ራሞትስዌ ሻይ የምታፈላው ይህን ሁሉ እያወቀች ነው።

በአሜሪካ ዘውጉ ወደ ሙያ ቤት ገብቷል። ገዳዩን የምታገኘው ኬክ ጋጋሪ፣ የመጽሐፍ ሻጭ፣ የክር ሱቅ ባለቤት ነች፤ በምዕራፎቹ መሐል የብስኩት አሠራር ከነልኩ ይታተማል። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ በሜሪላንድ፣ ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የደራሲዎችና የአንባቢዎች ጉባኤ አለ፤ ሽልማቱ በክሪስቲ ስም የተሰየመ የሻይ በራድ ነው። ከቅርቦቹ ሥራዎች ግን እጅግ ከተነበቡት አንዱ በኮቪድ ዓመት፣ በመስከረም 2020 የወጣው የሪቻርድ ኦስማን «የሐሙስ ግድያ ክበብ» ነው። አራት አረጋውያን በኬንት በሚገኝ የጡረተኞች መንደር ሐሙስ ሐሙስ እየተገናኙ ያልተፈቱ ግድያዎችን ያገላብጣሉ፤ አንዷ የቀድሞ ሰላይ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የአእምሮ ሐኪም፣ አንዱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ። የሚያስቅ መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም የሰላይዋ ባል የማስታወስ ችሎታው ከቀን ወደ ቀን እየከዳው ነው፣ የጎረቤት ወንበርም በድንገት ባዶ ይሆናል። እነዚያ ሞቶች ገዳይ የላቸውም፣ የሚያዝ ሰው የለም። ክበቡ ሐሙስ የሚሰበሰበው ቢያንስ መልስ ላለው ሞት ነው።

መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ደስታውን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እነዚህን መጻሕፍት ደግሞ የሚያነብ አይኖርም ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ በ2011 የወጣ ጥናት በ12 አጫጭር ልብ ወለዶች ይህን ፈትኖታል፤ ከነዚህም የክሪስቲ ይገኝበታል። መጨረሻው ቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኮቹን እንዲያውም በጥቂቱ የበለጠ ወደዷቸው። ማን እንደገደለ ያወቀ አንባቢ ሁለተኛ ሲያነብ የሚከታተለው ደራሲዋን ነው፤ ሁለቱን ስኒዎች የት እንዳስቀመጠች፣ ጩኸቱን መቼ እንዳመጣች ያያል።

ለንደን ውስጥ ይህን በየምሽቱ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የክሪስቲ ተውኔት «ዘ ማውስትራፕ» በዌስት ኤንድ የተከፈተው ኅዳር 25 ቀን 1952 ነው። በ1974 ከተከፈተበት ቴአትር ወደ ጎረቤቱ ሴንት ማርቲንስ ቴአትር ተዛወረ፤ ወረርሽኙ በመጋቢት 2020 አስቁሞት በግንቦት 2021 እንደገና ተከፈተ። ትርኢቱ ሲያልቅ፣ ተዋንያኑ እጅ ከነሡ በኋላ፣ አንዱ ወደፊት ይወጣና ተመልካቹ ገዳዩን ለማንም እንዳይናገር ይጠይቃል። የገዳዩ ስም ኢንተርኔት ላይ ለፈለገ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ተመልካቹ ግን ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ቃል የገባ ያህል ዝም ብሎ ኮቱን ይለብሳል። በቴአትሩ መግቢያ ግድግዳ ላይ ትርኢቱ ስንት ጊዜ እንደታየ የሚቆጥር የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ በማግስቱ ቁጥሩ ይለወጣል።